ቻርት አይቶ የገበያውን የቅርብ አቅጣጫ መገመት፦ ጥያቄና መልስ

የተለያዩ ሰዎች ስለ ቻርት፣ ማለትም የዋጋውን ጉዞ በመስመር ስለሚያሳየው ሥዕል፣ ከጠየቁኝ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። የማወራው ከጥቂት ቀን እስከ ጥቂት ሳምንት ስላለው የአክሲዮን ዋጋ እንቅስቃሴ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ቻርት ገበያው ነገ ይውጣ ይውረድ ይነግረኛል?

መልስ፦ አይነግርህም። የሚያሳይህ ገዢና ሻጭ እስካሁን የት ላይ እንደተፋጠጡና ማን እንደበረታ ነው። ከዚያ ተነስተህ «ዋጋው ከዚህ በታች ከወረደ ግምቴ አልሠራም» የምትልበትን ቦታ ትመርጣለህ። ለእኔ የቻርት ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው። ትንቢት ፈልጎ የመጣ ግን ቅር ይለዋል።

ጥያቄ፦ የ50 ቀኑ አማካይ (ያለፉት 50 ቀናት የመዝጊያ ዋጋ አማካይ) የ200 ቀኑን ወደ ታች ሲያቋርጥ ሁሉን ልሽጥ? ስሙ ራሱ «የሞት መስቀል» ነው!

መልስ፦ ስሙ ነው የሚያስፈራው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኤስ ኤንድ ፒ 500 (የ500 ያህል ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን አክሲዮን በአንድ ቁጥር የሚያሳየው ኢንዴክስ) በአንድ ወር ገደማ 34 በመቶ ያህል ወርዶ ማርች 23 ላይ ወለሉን ነካ። መስቀሉ የወጣው ከሳምንት በኋላ፣ ማርች 30 ላይ ነው። በዚያ ቀን ኢንዴክሱ ከወለሉ ከ15 በመቶ በላይ ተነስቶ ነበር። ያኔ ፈርቶ የሸጠ ሰው ርካሹን ዋጋ ለሌላ አስረከበ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የ200 ቀን አማካይ የዘጠኝና የአስር ወር ዋጋ ተሸክሞ ስለሚጓዝ ይዘገያል። ገበያው በየትኛው ወቅት ላይ እንዳለ ለማወቅ እዩት፤ ለመግቢያና መውጫ ሰዓት ግን አይሆንም።

ጥያቄ፦ አርኤስአይ (የዋጋውን ጉልበት ከ0 እስከ 100 የሚለካው ቁጥር) ከ70 በላይ ወጥቷል። ተወደደ ማለት ነው?

መልስ፦ የግድ አይደለም። ዌልስ ዋይልደር እ.ኤ.አ. በ1978 ያስተዋወቀው ይህ መለኪያ አብዛኛውን ጊዜ የ14 ቀን ጭማሪን ከቅናሽ ጋር ያነጻጽራል። ዋጋው በሁለት መስመር መካከል ሲዋልል 70 እና 30 ጥሩ ፍንጭ ይሰጣሉ። ጠንካራ ትሬንድ (ወደ አንድ አቅጣጫ የሚቀጥል ጉዞ) ውስጥ ግን ከ70 በላይ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል፤ 70 ባለፈ ቁጥር የሚሸጥ ሰው ጥሩውን ጉዞ ያመልጠዋል። ስለዚህ መጀመሪያ «ትሬንድ አለ ወይስ እዚያው እየዋለለ ነው?» ብለሽ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ሬዚስታንስ (ዋጋው ደጋግሞ ደርሶ የሚመለስበት የላይኛው መስመር) ተሰበረ ብዬ ስገባ ወዲያው ይመለስብኛል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ የቀኑን መዝጊያ ዋጋ ጠብቅ። እኩለ ቀን ላይ ያለፈ ዋጋ ማታ ተመልሶ ሊገኝ ይችላል። ቮሊዩሙንም (በቀኑ የተሸጠውንና የተገዛውን የአክሲዮን ብዛት) ካለፉት 20 ቀናት አማካይ ጋር አወዳድር፤ ገዢው ካልበዛ ስብራቱን አልወደውም። በእርግጥ መጠበቅ ዋጋ ያስከፍላል፣ ትንሽ ተወዶ ነው የምትገባው። እኔ እሱን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ኢንዴክሱ ይወጣል፣ የእኔ አክሲዮኖች ይወርዳሉ። እንዴት?

መልስ፦ ብዙዎቹ ትልልቅ ኢንዴክሶች ክብደት የሚሰጡት በኩባንያው የገበያ ዋጋ ልክ ነው። ጥቂት ግዙፎች ብቻቸውን ሊያወጡት ይችላሉ። ከራሳቸው የ50 ቀን አማካይ በላይ ያሉት አክሲዮኖች ስንት በመቶ እንደሆኑ እይ። ኢንዴክሱ አዲስ ከፍታ እየነካ ይህ ቁጥር እየቀነሰ ከሄደ፣ እኔ አዲስ ግዢ እቀንሳለሁ። መውረድ መቼ እንደሚጀምር ግን አይናገርም፤ ወራት ሊፈጅ ይችላል።

ጥያቄ፦ ስንት ኢንዲኬተር (እንደ አርኤስአይ ያለ መለኪያ) ልጠቀም?

መልስ፦ ሁለት ይበቃል። አርኤስአይ እና ሌሎቹ የታወቁ መለኪያዎች ማክዲና ስቶካስቲክ ሦስቱም የሚሰሉት ከዚያው ከዋጋ ነው። ተስማሙ ብለህ አትደሰት፤ አንዱን ሰው ሦስቴ እንደመጠየቅ ነው።

ጥያቄ፦ ከአስር ግብይት አራቱ ብቻ ይሳካሉ። ልተወው?

መልስ፦ ስትሸነፊ የምታጪው 1፣ ስታሸንፊ የምታገኚው 2 ከሆነ፦ አራቱ 8 ያስገባሉ፣ ስድስቱ 6 ይወስዳሉ። ኮሚሽን ሳይቆጠር 2 ተረፈሽ። ስታሸንፊም 1 ብቻ ከሆነ ግን ተዪው።

ጥያቄ፦ ስቶፕ ሎስ (ዋጋው የመረጥኩት ቦታ ሲወርድ እንዲሸጥልኝ የምሰጠው ትእዛዝ) ካስቀመጥኩ የሩብ ዓመት ሪፖርት ሲወጣ ይዤ ብቆይ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ስቶፕህ 100 ላይ ቢሆንም ሪፖርቱ ሌሊት ወጥቶ ጠዋት 88 ላይ ከከፈተ፣ የምትሸጠው 88 አካባቢ ነው። በመሃል ግብይት ስላልነበረ ማንም በ100 አይገዛህም። ለአጭር ጊዜ ከሆነ የገባኸው፣ ከሪፖርቱ በፊት ውጣ ወይም ግማሹን ሽጥ።