«ምን አይቼ ልሳቅ?»

ከደብረ ብርሃን የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። በማኔጅመንት ተመርቀሽ ሁለት ዓመት ሥራ ፈለግሽ፤ ስታጪ አንድ ፎቶ ቤት ገባሽ። አሁን ስምንት ወር ሆነሽ። ሰርጉንም ምርቃቱንም ታነሻለሽ፤ ደንበኛ ብቻውን ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ግን እንጨት ይሆንብሻል። «ፈገግ ይበሉ ስላቸው ጥርሳቸውን ያሳዩኛል እንጂ አይስቁም፤ ተሰጥኦው የለኝም መሰለኝ» ብለሻል። አባትሽ ባንክ ተፈተኚ እያሉ ነው። የዕቁብ ዕጣሽ ሲወጣ አዲስ ካሜራ ልግዛ ወይ ብለሽም ጠይቀሻል።

የዕቁቡን ቶሎ ልጨርሰው። አትግዢ። ካሜራ ሰው አያስቅም።

የባንክ ፈተና ከመጣ ተፈተኚ፣ ምንም አይጎዳሽም። «ዲግሪ ይዘሽ ካሜራ አንጠልጥለሽ ትዞሪያለሽ» የሚለው ወቀሳ ግን የቤት ኪራይሽን አይከፍልም። ዲግሪሽ ሁለት ዓመት ያላመጣውን ደሞዝ ካሜራው በአንድ ወር አምጥቷል። ለአባትሽ በአክብሮት ንገሪያቸው፤ ግን ንገሪያቸው።

አሁን ወደ ፈገግታው። እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። እኔም ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት ደብረ ሲና ውስጥ ፎቶ ቤት ረዳት ነበርኩ። ዘመኑ የፊልም ነው። ካሜራው 36 ፎቶ ብቻ የሚያነሳ ፊልም ይጎርሳል፣ እያንዳንዷ ጠቅታ ገንዘብ ናት። አንድ ቀን አለቃዬ በሌለበት ከመንዝ የመጡ እናት ገቡ። ውጭ አገር ላለ ልጃቸው የሚላክ ፎቶ ነው። አስቀመጥኳቸውና «ይሳቁ እንጂ፣ እማማ!» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። «ምን አይቼ ልሳቅ?» አሉኝ። እኔ ይሳቁ፣ እሳቸው ዝም። ስድስት ፎቶ አባከንኩ፣ ከደሞዜም ተቆረጠ።

እማማ ልክ ነበሩ። ዱሼን የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም የሰው ፊት ላይ ኤሌክትሪክ እያስነካ ጡንቻዎቹን ሲያጠና ኖሮ በ1862 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትሟል። የከንፈርን ጥግ ወደ ላይ የሚስበው ጡንቻ ሲያዙት ይታዘዛል፤ ዓይን ዙሪያ ያለው ግን ከልብ ደስ ሲል ነው የሚነሳው ይላል። አንቺ «ፈገግ ይበሉ» ስትይ የምታዢው ከንፈሩን ብቻ ነው።

አለቃዬ ሳቁ ብሎ አያውቅም። ካሜራውን ሳይነካ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ልጆች ይጠይቃል። አዛውንት ከሆኑ «አንቱ» ይላል። አገጭ ይዞ አያዞርም፤ ራሱ ዞሮ ያሳያል። ሁለት ጊዜ ካነሳ በኋላ «በቃ፣ ጨረስን» ይላል። ሰውየው እፎይ ብሎ ትከሻውን ሲጥል ሦስተኛውን ያነሳል። የሚታጠበው ያቺ ሦስተኛዋ ናት። አንቺ እንደ እሱ ፊልም አትቆጥሪም፣ አሥር ጊዜ ብታነሺ ምንም አትከስሪም።

የአንቺ ከተማ ደግሞ የራሷ ጣጣ አላት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት፣ ውርጭ ላይ ተራምዶ የመጣ ሰው ትከሻው ጆሮው ጋ ደርሷል፣ ከንፈሩ ደርቋል። አንቺ ፈርቶ ይመስልሻል፤ በርዶት ነው! ፔርሙዝ ሻይ ይኑርሽ። ብርጭቆ የያዘ ሰው እጁን የት እንደሚያደርግም አይጨነቅም። ከዚያ ሁለት ሜትር ያህል ራቂና ዙም አድርጊ። አፍንጫው ሥር ከተደቀንሽበት ሰውየውም ይጨነቃል፣ ፎቶው ላይ አፍንጫውም ይተልቃል።

እናቶች ሲስቁ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይሸፍናሉ። አትከልክያቸው። ጠብቂ። ነጠላው ሲወርድ ከንፈሩ ተሰብስቧል፣ ዓይኑ ግን ገና እየሳቀ ነው። ያኔ ጠቅ አድርጊ።

መሳቅ የማይፈልግም አለ። ጋቢውን አስተካክሎ፣ ኮስተር ብሎ መነሳት የሚሻ አባት ፎቶው አልተበላሸበትም፤ እንዲታይ የሚፈልገው እንደዚያ ነው። (የፓስፖርቱ ፎቶ ሳቅ ስለማይፈልግ እሱን ለቀቅ አድርጊው።)

ስለዚህ ተሰጥኦ የለኝም የሚለውን ተይው፤ ያልተማርሽው ነገር ነው ያለው። የራሴን ስቱዲዮ ልክፈት እንዳትይም። እዚያው ፎቶ ቤት አንድ ዓመት ቆዪ። ሰርጉን ለሌላው ትተሽ የወንበሩን ሥራ ለኔ ስጡኝ በያቸው፤ ለአንድ ሰው ሩብ ሰዓትም ይፍቀዱልሽ። ባለቤቱ «ወረፋው ይረዝማል» ማለታቸው አይቀርም። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ሰው ሲቀንስ ልሞክረው በያቸውና የመጀመሪያዎቹን አሥር ፎቶዎች ላኪልኝ።