የድሮ ሞተር ሳይክሎች ጥያቄና መልስ፦ ያማሃ ዲቲ፣ ያማሃ ኤጂ እና ሆንዳ ሲጂ

ጥያቄ፦ ዲቲ 125 አለኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ይታፈናል፤ ካንዴላውም በየሳምንቱ ጥላሸት ይይዛል። ካርቡራተር ልቀይር?

መልስ፦ አትቀይር። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛበታል። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን እጠብ። ከዚያ ካርቡራተሩ ውስጥ ባለው መርፌ ላይ ያለውን ክሊፕ አንድ ጥርስ ወደ ላይ አንሳ፤ መርፌው ዝቅ ሲል ቤንዚን ይቀንሳል። የአየር ብሎኑን ሩብ ዙር ክፈት። ሙሉ ጋዝ ላይ ብቻ የሚታፈን ከሆነ ዋናውን ጂግለር (ቤንዚን የሚያሳልፈውን ባለ ቀዳዳ ብሎን) አንድ ቁጥር አሳንስ። የካንዴላው ጫፍ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ደርሰሃል። ወደ አዋሽ ከመውረድህ በፊት ግን ሁሉንም ወደነበረበት መልስ። ቆላ ላይ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ይግላል፤ ካንዴላው ይነጣል፤ ፒስተኑ ግሪፕ ያደርጋል (ሲሊንደሩ ውስጥ ይነክሳል)።

ጥያቄ፦ መካኒኮች የኤጂ 100 የዘይት ፖምፓ አይታመንም ብለው፣ እሱን ዘግቼ ዘይቱን ከቤንዚን ጋር እንድቀላቅል መከሩኝ። ልስማቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ ፖምፓው ራሱ እምብዛም አይበላሽም። የሚያስቸግረው የዘይት ታንኩ አንዴ ባዶ ሲሆን ቱቦው ውስጥ የሚገባው አየር ነው። ታንኩን በባለ ሁለት ምት ዘይት ሙይ፤ የፖምፓውን የአየር ማስወጫ ብሎን ፍቺና አረፋ የሌለው ዘይት እስኪወርድ ጠብቂ፤ ከዚያ ዝጊ። ለመጀመሪያው ሙከራ ብቻ በ5 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር ዘይት ቀላቅይ። ሞተሩን በሚኒሞ (ጋዝ ሳትሰጪው) አስነስተሽ የፖምፓውን ገመድ ለሁለት ደቂቃ ያህል እስከ መጨረሻው ስበሽ ያዢ። ፖምፓው እየሠራ ሁልጊዜ መቀላቀል ደግሞ ጭስ ከማብዛትና ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) ከመድፈን ውጪ ምንም አይጠቅምም።

ጥያቄ፦ እኔ ፖምፓውን ዘግቼ ነው የምነዳው። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ቁልቁል ስወርድ የምጠነቀቀው ምንድን ነው?

መልስ፦ ጋዝ ዘግተህ በማርሽ ብቻ አትውረድ። ዘይቱ የሚመጣው ከቤንዚን ጋር ነው፤ ጋዝ ስትዘጋ ቤንዚኑም ዘይቱም ይቀንሳል፣ ሞተሩ ግን በፍጥነት ይሽከረከራል። በየጥቂት ሰከንዱ ፍሪሲዮን ያዝና አንዴ ጋዝ ስጠው።

ጥያቄ፦ ባለ ሁለት ምት ሞተሬ ነጭ ጭስ ያበዛል፤ የማርሽ ዘይቱም ይጎድላል። መሬት ላይ ግን አይንጠባጠብም።

መልስ፦ በፍሪሲዮን በኩል ያለው የክራንክ ሲል (ዘይትና አየር የሚያግደው የጎማ ቀለበት) አልቋል፤ ሞተሩ የማርሽ ዘይቱን እየሳበ ያቃጥላል። በማግኔቱ በኩል ያለው ሲል ሲያልቅ ምልክቱ ሌላ ነው፦ አየር ይስብና ጋዝ ሳትነካ ሚኒሞው ይወጣል ይወርዳል። ይኸኛው ጭስ ስለሌለው ይናቃል፤ ፒስተን የሚጨርሰው ግን እሱ ነው። ሁለቱንም አብረህ ቀይር።

ጥያቄ፦ የሲጂ 125 ባልቦላ ይንኳኳል። ላጥብቀው?

መልስ፦ ለክተህ እንጂ በጆሮህ አይሁን። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የማግኔቱን "ቲ" ምልክት ከመስመሩ ጋር አገጣጥም፤ ሁለቱም ሮከሮች (ባልቦላዎቹን የሚጫኑት) ላላ ማለት አለባቸው። ካላሉ አንድ ሙሉ ዙር አዙር። ክፍተቱ ለሁለቱም 0.08 ሚሊ ሜትር ነው። ትንሽ ኳ ኳ ይሻላል። የጠበቀ ባልቦላ ድምፅ ባይኖረውም በደንብ ስለማይዘጋ ይቃጠላል፤ ጠዋት ማስነሳትም ይከብዳል።

ጥያቄ፦ ለሲጂ 125 የመኪና ዘይት ይሆነዋል?

መልስ፦ ፍሪሲዮኑ የሚሠራው በዚያው ዘይት ውስጥ ነው። ቤንዚን ቆጣቢ የሚባሉት የመኪና ዘይቶች ያንሸራትቱታል። "ጃሶ ኤምኤ" (JASO MA፣ ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን የሚስማማ ማለት ነው) የሚል ጽሑፍ ያለበትን ግዛ፤ ለቅያሪ 0.9 ሊትር ይበቃል።

ጥያቄ፦ ሰልባቲዮዬ (የቤንዚን ታንኬ) ውስጡ ዝጓል።

መልስ፦ አቼቶ ሙላበትና አሳድር። ጠዋት ጥቂት ብሎን ጨምረህ ናጥ፣ ድፋው፣ መጋገሪያ ሶዳ በበጠበጥክበት ውሃ እጠብ፤ ወዲያው አድርቀህ ዘይት የተቀላቀለ ቤንዚን አዙርበት፤ እርጥብ ካደረ ተመልሶ ይዝጋል። ጂግለሩ ውስጥ የገባውን ዝገት በሽቦ አትጎርጉር፤ ቀዳዳው ይሰፋል። ጎሚስታ ቤት ወስደህ በኮምፕሬሰር አስነፋው።