«የእነሱ ጫት ነው» ያልኩበት ቅዳሜ

ባለፈው ሳምንት አንድ የፋርማሲ ተማሪ «ኮኬይንም የሚገኘው ከቅጠል ከሆነ ከጫት በምን ይለያል?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ሃያ ስምንት ዓመት ያለፈው አንድ ቅዳሜ ትዝ አለኝ።

በ1988 ዓ.ም. በባሕር ዳር የመድኃኒት ባለሙያ ነበርኩ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሰፈር ልጆች ጋር ጣና ዳር ተቀምጠን፣ ከዘጌ እንጨት የጫኑት የደንገል ታንኳዎች ውሃው ሊውጣቸው ጥቂት ሲቀረው ወደ ዳር ሲጠጉ እናይ ነበር። እኔም እቅም ነበር፤ አልዋሽም። ወደ ደቡብ አፍሪካ ሊሄድ የተሰናዳ አንድ ልጅ ይህንኑ ጥያቄ ቢጠይቀኝ፣ ቀንበጥ እየቀነጠስኩ «የእነሱ ጫት ነው» አልኩት። ሁሉም ሳቁ፤ እሱ ግን የባለሙያ ቃል ነውና ራሱን ነቀነቀ።

እውነቱን አውቀው ነበር። የአንዲስ ተራራ ሰዎች ከኖራ ጋር ለሺህ ዓመታት ያኘኩት የኮካ ቅጠል በአብዛኛው ከመቶ አንድ እጅ የማይሞላ ኮኬይን ያለውና ቀስ ብሎ ወደ ደም የሚገባ ሲሆን፣ ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሰው አልበርት ኒማን እ.ኤ.አ. በ1860 ንጥሩን ለይቶ ማውጣቱን ካሳወቀ በኋላ ግን ነገሩ መልኩን ለወጠ። በ1884 ሐኪሙ ካርል ኮለር ቪየና ላይ ዓይን ማደንዘዣ አደረገው፤ ይህ ትልቅ በረከት ነበር። ዱቄቱ በአፍንጫ ሲሳብ በደቂቃዎች፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተስፋፋው፣ ከዱቄቱ የሚሠራው ጠጠር መሳይ ክራክ ሲጨስ ደግሞ በሰከንዶች አንጎል ይደርሳል። የዱቄቱንና የክራክን ልዩነት ማጋነንም ጥፋት ነው፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣችው ሕግ 5 ግራም ክራክ ለሽያጭ የያዘና 500 ግራም ዱቄት የያዘ ሰው ዝቅተኛ ቅጣታቸው እኩል አምስት ዓመት ነበር፤ ንጥረ ነገሩ ግን አንድ ነው።

«አትንኩት» የሚለውን ምክር ስለምታውቁት አልደግመውም። በምን መልክ፣ በየት በኩል፣ በምን ፍጥነት እንደሚገባ ግን ጠይቁ። እናንተ ስልካችሁን ነው የምትጠይቁት፤ በእኛ ጊዜ የሚጠየቀው ሰው ነበር፣ የተጠየቀው እኔ ብሆንም።

ከሦስት ዓመት በኋላ የመድኃኒት ቤቱ ስልክ ጮኸ። «ጋሼ፣ የእነሱ ጫት ያሉኝ እኮ ቅጠል አይደለም፤ ጠጠር ነው፣ ይጨሳል። አሥር ደቂቃ አይቆይም፣ ከዚያ ሌላ ያሰኛል» አለኝ። መልስ ሳልሰጠው መስመሩ ተቋረጠ፤ ዳግመኛም አልደወለም። ፊት ለፊቴ ልጅ ያዘለች እናት የሽሮፕ ማዘዣ ይዛ ቆማ ነበር። በቀን ስንት ማንኪያ እንደምትሰጠው ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ነገርኳት፤ በአራተኛው «ገባኝ እኮ» ብላኝ ሄደች።