መልስ፦ ፖፕላር ስሙን ከየት አገኘ?

ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ስትሄድ ያየኸው ቀጥ ያለ ረጅም ዛፍ ፖፕላር ይሆን ወይ፣ ስሙስ እውነት «የሕዝብ ዛፍ» ማለት ነው ወይ ብለህ ጠይቀሃል።

ከስሙ ልጀምር። የመጣው ከላቲኑ «ፖፑሉስ» ነው። በላቲን ሕዝብም «ፖፑሉስ» ይባላል። ሮማውያን አደባባይ ላይ ስለሚተክሉት ነው የሚለው ወሬ የተነሣው ከዚህ ነው። ግን ሁለቱ አንድ ቃል አይደሉም። የዛፉ «ፖ» ረዘም ይላል፣ የሕዝቡ ያጥራል። የኛ «ገና» ሲላላና ሲጠብቅ እንደሚለያየው በለው። ወሬው ያምራል፣ ግን ብዙም አያስኬድም።

ዛፉን ለመለየት የወደቀ ቅጠል አንሣ። የብዙዎቹ ፖፕላሮች የቅጠል ዘንግ ክብ አይደለም፤ ከጎንና ከጎን ጠፍጠፍ ያለ ነው። በጣትህ ስታሽከረክረው ይታወቅሃል። ትንሽ ነፋስ ሲነካው ቅጠሉ የሚርገፈገፈውም ለዚህ ነው። በዘር የአኻያ ዘመድ ነው፣ ውሃ ዳር ይወዳል። ቅጠሉ ረጅምና ጎበጥ ያለ ከሆነና ስታሸው የጉንፋን መታጠኛ ከሸተተህ ግን ወንድሜ፣ ያው በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ነው።