የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሃሎዊንን ያለ ብክነትና ያለ አደጋ ከልጆች ጋር ማሳለፍ

ጥያቄ፦ የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲሆን የ9 ዓመት ሴት ልጅና የ5 ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። ባለፈው ዓመት ለሃሎዊን (ልጆች በጥቅምት አንድ ምሽት ልዩ ልብስ ለብሰው ከረሜላ ለሚሰበስቡበት የአሜሪካ በዓል) የገዛሁላቸው ልብስ በአንድ ምሽት ተቀዶ ተጣለ፤ ደጃችን ላይ ያስቀመጥነው ትልቅ ዱባም በስብሶ ከቆሻሻ ጋር ወጣ። ይህን ለእናቴ በስልክ ባጫውታት «ዱባ እንዴት ይጣላል?» ብላ አዘነችብኝ። ባለቤቴ ደግሞ ልጆቹ በጨለማ ከቤት ቤት እየዞሩ ከረሜላ መጠየቃቸው፣ ያውም በጽጌ ጾም፣ ከልመና አይለይም ባይ ነው። ልጆቼን ከጓደኞቻቸው ሳልነጥል ብክነቱንና አደጋውን እንዴት ልቀንስ?

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ እናትዎ ያዘኑበት ምክንያት ስላላቸው ከዱባው እንነሣ። በየመደብሩ በር ተቆልለው የሚሸጡት ትልልቅ ዱባዎች ለመፈልፈያ፣ ማለትም ፊት ተቀርጾባቸው ውስጣቸው መብራት እንዲበራ ተብለው የሚመረቱ በመሆናቸው ሥጋቸው ውሃ ይበዛበታል፤ ቢሆንም ምግብ ናቸው። በቆሻሻ ክምር ሥር ተቀብረው አየር በማያገኙበት ሲበሰብሱ ሚቴን የተባለውን ጋዝ ያወጣሉ፤ ይህ ጋዝ በ100 ዓመት ሲሰላ ምድርን የማሞቅ ኃይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 እጥፍ በላይ ነው።

እኛ ቤት ዱባው የሚፈለፈልበት ዕለት ራሱ እንደ በዓል ይቆጠራል። ልጆቹ እጅጌያቸውን ሰብስበው እስከ ክርናቸው እየገቡ ፍሬውን ይዝቃሉ፤ ፍሬው ከተጣበቀበት ክር ተለቅሞ ይታጠባል፣ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ያድርና ጨው ተነስንሶበት በምጣድ ይታመሳል። መንጣጣት ሲጀምር ትንሿ ልጄ ከምድጃው አጠገብ አትጠፋም። ከውስጥ የተፋቀው ሥጋ በዚያው ዕለት በሽንኩርትና በበርበሬ ይሠራል፤ ውሃው እንዲመጥ ሳይከደን ረዘም ላለ ጊዜ ማብሰል ያስፈልጋል እንጂ ጽጌን ለሚጾም ቤት ደግ የጾም ወጥ ይወጣዋል። አንዴ ተፈልፍሎ ደጅ ያደረውን ዱባ ግን ለምግብ አያውሉት። በዓሉ ሲያልፍ ቀለም ካልተቀባ ቆራርጦ ጓሮ መቅበር፣ ወይም ካውንቲው ከወደቀው ቅጠል ጋር የሚሰበስብ ከሆነ አብሮ ማውጣት ይቻላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን፣ በተለይ የ5 ዓመት ልጅ ላለበት ቤት፣ ጨርሶ አለመፈልፈል ነው፤ ወረቀት ቆርጠው ዓይንና አፍ ቢለጥፉበት ቢላዋ አያስፈልግም፣ ዱባውም ሳይበላሽ ሳምንታት ቆይቶ ለእናትዎ ደስ በሚል መንገድ ድስት ውስጥ ይገባል። ከፈለፈላችሁት ደግሞ ውስጡ ሻማ ወይም ጧፍ አይለኩሱ፤ የልጆች ልብስ እየተንዘረፈፈ በአጠገቡ ስለሚያልፍ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መብራት ይብቃዎት።

ወደ አደጋው ስመለስ፣ ብዙ ወላጆች የሚፈሩት መርዝ የተጨመረበት ከረሜላ ነው። የዴላዌር ዩኒቨርሲቲው የሶሺዮሎጂ ምሁር ጆኤል ቤስት ይህንኑ ስጋት ለበርካታ ዓመታት ቢያጠኑም፣ የማይታወቅ ሰው በዘፈቀደ ባደለው የሃሎዊን ከረሜላ ሕፃን ስለመሞቱ የተረጋገጠ ማስረጃ አላገኙም። ማሸጊያው የተከፈተውን መጣል ተገቢ ነው፤ ጭንቀታችን ሁሉ እዚያ ላይ እንዲያልቅ ግን አልፈልግም፤ እውነተኛው አደጋ መኪና ነውና። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ አንድ የሕክምና ጥናት የ42 ዓመታትን መረጃ መርምሮ፣ በሃሎዊን ምሽት በመኪና ተገጭተው የሚሞቱ እግረኞች ቁጥር ከአንድ ሳምንት በፊትና በኋላ ካሉት ምሽቶች ጋር ሲነጻጸር በ43 በመቶ እንደሚበልጥ፣ ከ4 እስከ 8 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ ደግሞ አደጋው 10 እጥፍ እንደሚሆን አሳይቷል። ታናሹ ልጅዎ በትክክል በዚህ ዕድሜ ላይ ነው።

ስለዚህ እባክዎ ቀደም ብለው ይውጡ። በእናንተ አካባቢ በዚያ ዕለት ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር 12 ሰዓት ከ10 ገደማ ስለሆነ፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ የወጣ ቤተሰብ ግማሹን መንገድ በብርሃን ይጨርሳል። የመንገዱን አንድ ወገን ጨርሳችሁ በማቋረጫው ተሻገሩ እንጂ፣ በቆሙ መኪኖች መካከል እየወጣችሁ ወዲያና ወዲህ አትመላለሱ። ጭምብል የልጅን ዓይን ስለሚጋርድ በፊት ቀለም ይተኩት፤ ቀለሙንም ከአንድ ቀን በፊት ክንዳቸው ላይ ጥቂት ቀብተው ቆዳቸውን እንዳይቆጣው ይሞክሩት። በጀርባቸውና በያዙት ከረጢት ላይ ብርሃን የሚያንጸባርቅ ማጣበቂያ ይለጥፉ። በዋሽንግተን ዙሪያ በታክሲና በኡበር ሥራ የተሰማራችሁ ወገኖቻችንም ብዙዎች ናችሁና፣ በዚያ ምሽት በመኖሪያ ሰፈሮች ስታልፉ ቀስ እንድትሉ እለምናችኋለሁ።

ልብሱን በተመለከተ፣ በመደብር የሚሸጡት አብዛኞቹ ከፖሊስተር የተሠሩ ናቸው፤ ፖሊስተር ደግሞ ፕላስቲክ ስለሆነ ተጥሎም ለረጅም ዘመን አይበሰብስም። አምና ለልጄ የሠራሁትን ልንገርዎ። የአባቷን አሮጌ ቡናማ ሹራብ ወስደን፣ ትከሻውና ጀርባው ላይ የሱፍ ክር ጥቅጥቅ አድርገን እየሰፋን እንደ ጎፈር አለበስነው፤ ደረቱ ላይ ከቀይ ጨርቅ የተቆረጠ ቅርጽ ስንሰፋበት የሰሜን ተራሮች ጭላዳ ሆነ። በየደጁ «ምንድን ነሽ?» ተብላ ስትጠየቅ፣ ሣር የሚበላ፣ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኝ እንስሳ መሆኗን እያስረዳች ዋለች። ሹራቡ ዘንድሮ ለታናሽ ወንድሟ ይደርሰዋል። ለከረሜላ መያዣም የፕላስቲክ ባልዲ መግዛት አያስፈልግም፤ የትራስ ልብስ ይበቃል።

የባለቤትዎን ቅሬታ አልንቀውም፤ የሃይማኖቱን ጥያቄ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ብትመክሩበት የተሻለ ነው። ስለ ልመናው ግን፣ እኛም በቡሄ ከደጅ ደጅ ዞረን ሙልሙል ተቀብለን ያደግን መሆናችንን ያስታውሱልኝ። ልዩነቱ የእኛ ልጆች ዘፍነውና መርቀው መቀበላቸው ነው፤ ይህን ሥርዓት እዚህም ማስተማር ይቻላል። የደጁ መብራት የጠፋበት ቤት ስለማይቀበል አይንኳኳ፣ ከአንድ ቤት አንድ ብቻ ይነሣ፣ ሳያመሰግኑም አይሄዱ። ቀኑ አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 21፣ የማርያም ዕለት ላይ ስለሚውል፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መውጣትም ይቻላል። የምትጾመው ልጅ የወተት ቸኮሌቷን በማሰሮ አስቀምጣ ለኅዳር 6 ለቁስቋም ታቆየው፤ ልጄ ይህን ስታደርግ እየቆጠረች መጠበቁን ራሱ ወድዳዋለች።

ጥያቄ፦ ወንድ ልጄ ለውዝ ከቀመሰ ያብጣል። በሃሎዊን ቤት ይዋል ወይስ ይውጣ? (የአንድ ልጅ አባት፣ ከአሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ ይውጣ፤ ግን እርስዎ ቤት ደርሰው የእያንዳንዱን ማሸጊያ ጽሑፍ ሳያነቡ አንዲት ከረሜላ እንዳይቀምስ አስቀድመው ይስማሙ፤ ሐኪም ያዘዘለት መድኃኒት ካለም ከኪስዎ አይለይ። ትንንሾቹ ማሸጊያዎች ላይ ዝርዝሩ ብዙ ጊዜ ስለማይጻፍ፣ ያልተጻፈበትን እንደ ተከለከለ ይቁጠሩት። ደጃቸው ላይ አረንጓዴና ሰማያዊ የተቀላቀለበት ቀለም የተቀባ ዱባ ያስቀመጡ ቤቶችን ይፈልጉ፤ ይህ ምልክት እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ በአሜሪካ የተስፋፋ ሲሆን፣ እዚያ ቤት እርሳስ ወይም ትንሽ መጫወቻ የመሰለ የማይበላ ስጦታ እንዳለ ያመለክታል። እርስዎም አንድ ዱባ ቀብተው ደጅዎ ላይ ቢያስቀምጡ፣ እንደ ልጅዎ ያለ ሌላ ልጅ የእናንተን በር ያንኳኳል።