ኃይል ሞልቶ መብራት የሚጠፋው ለምንድን ነው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መቆራረጥን የሚመለከቱ ናቸው። የሚቀራረቡትን አንድ ላይ አድርገን እንደሚከተለው መልሰናል።

ጥያቄ፦ ሕዳሴ ግድብ ተመርቋል፤ እኛ ሰፈር ግን በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ መብራት ይጠፋል። በማይጠፋበት ምሽትም ምጣዱ በቅጡ አይግልም። ኃይሉ የት ሄደ? (ከአዲስ አበባ፣ ጀሞ)

መልስ፦ ኃይሉ አለ፤ የጠበበው እርስዎ ቤት የሚያደርሰው መንገድ ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። ከዚያ የሚነሣው ኃይል በ500 ኪሎ ቮልት መስመር በዴዴሳ በኩል ሆለታ ይደርሳል፤ ከዚያም በማከፋፈያ ጣቢያዎች ደረጃ በደረጃ እየወረደ በ33 ወይም በ15 ኪሎ ቮልት መስመር ወደ ሰፈር ይገባል፤ በመጨረሻም ምሰሶ ላይ ያለው ትራንስፎርመር ለቤት ወደሚሆነው 220 ቮልት ያወርደዋል። ግድቡ የሚያሰፋው መነሻውን ነው፤ የሰፈሩ መስመርና ትራንስፎርመር እንደነበሩ ናቸው።

የምጣዱን ነገር በቁጥር እንየው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይወስዳል። ሃምሳ ቤቶች በአንድ ምሽት አንድ ላይ ምጣድ ቢጥዱ 175 ኪሎ ዋት ይሆናል፤ ይህም ማቀዝቀዣውና የውኃ ማሞቂያው ሳይቆጠሩ ባለ 200 ኬቪኤ (ቢበዛ 200 ኪሎ ዋት ያህል የሚሸከም) ትራንስፎርመርን ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ነው። ከረንቱ በጨመረ ቁጥር በሽቦው ላይ የሚቀረው ቮልቴጅም ስለሚጨምር፣ ከትራንስፎርመሩ የራቀው ቤት የሚደርሰው ከ220 ቮልት ወደ 180 ሊወርድ ይችላል። ምጣድ የሚሰጠው ሙቀት ደግሞ የሚቀንሰው በቮልቴጁ ካሬ ልክ በመሆኑ፣ በ180 ቮልት ከሙቀቱ አንድ ሦስተኛው ይጎድላል። እንጀራው ዓይን የማያወጣው ለዚህ ነው።

በ2006 ዓ.ም. የቀድሞው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን ለሁለት ሲከፈል፣ ማመንጨቱና ከፍተኛ መስመሩ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ለደንበኛ ማድረሱ ደግሞ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተሰጥቷል። እንደ እኔ እምነት የሕዝቡም የመንግሥትም ትኩረት ለረጅም ዓመታት ወደ ማመንጨቱ አድልቷል። ስማርት ግሪድ የሚባለው፣ መስመሩ ስለ ራሱ ሁኔታ መረጃ የሚልክበት አሠራር በእኛ አገር መጀመር ያለበትም ከዚሁ ከተዘነጋው ጫፍ ነው፤ በየትራንስፎርመሩ ላይ ጭነቱንና ሙቀቱን ለክቶ ወደ ማዕከል የሚልክ መሣሪያ ቢኖር፣ የትኛው ሊቃጠል እንደተቃረበ ከመቃጠሉ በፊት ይታወቃል፤ ጭነቱን ለሁለት መክፈል ወይም ትልቅ መቀየርም በጊዜው ይቻላል።

ጥያቄ፦ ዝናብና ነፋስ በመጣ ቁጥር መብራት ይጠፋል። ደውለን ካሳወቅን በኋላም ሰዓታት ይፈጃል። ብልሽቱን ማግኘት ይህን ያህል ከባድ ነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አሁን ባለው አሠራር አዎን፣ ከባድ ነው። አንድ የ15 ኪሎ ቮልት መስመር ከማከፋፈያ ጣቢያ ወጥቶ ብዙ ሰፈሮችን ያዳርሳል። በየትኛውም ቦታ ቅርንጫፍ ቢነካው፣ ወይም ሠራተኞቹ ስኒ የሚሉት ኢንሱሌተር ቢሰነጠቅ፣ ጣቢያው ውስጥ ያለው ብሬከር መስመሩን በሙሉ ይቆርጠዋል። ጣቢያው መስመሩ መቆረጡን ያውቃል፤ የት ቦታ እንደተበላሸ ግን አያውቅም። ስለዚህ የጥገና ቡድኑ በዝናብና በጨለማ መኪና እየነዳ፣ ምሰሶዎቹን በባትሪ እያበራ መስመሩን ይከተላል። መሀል ላይ ያለውን ማብሪያ ያጠፋና ለጣቢያው ደውሎ “ሞክሩት” ይላል። መስመሩ ከያዘ ብልሽቱ ከማብሪያው ወዲያ ነው፤ ካልያዘ ወዲህ ነው ማለት ነው። ከዚያ የቀረውን ግማሽ እንደገና ለሁለት እየከፈለ ይፈልጋል። ሰዓቱ የሚያልቀው በመጠገኑ ሳይሆን በፍለጋው ነው።

ለዚህ ሁለት የታወቁ መፍትሔዎች አሉ። የመጀመሪያው ሪክሎዘር የሚባለው ማብሪያ ነው። በአየር ላይ በተዘረጋ መስመር ከሚደርሱት ብልሽቶች አብዛኞቹ ጊዜያዊ ናቸው፤ ቅርንጫፉ ነክቶ ይመለሳል፣ ወፉ ይወድቃል። ሪክሎዘሩ መስመሩን ቆርጦ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ ራሱ መልሶ ይሞክራል፤ ችግሩ ካለፈ መብራቱ ማንም ሳይደውል ይመለሳል። ሁለተኛው እነዚህን ማብሪያዎች እርስ በርስ ማነጋገር ነው። በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት የምትገኘው ቻታኑጋ ከተማ የሕዝብ ኃይል አቅራቢ ድርጅት፣ ከፌዴራል መንግሥቱ ባገኘው 111 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ድጋፍ፣ በፋይበር ኬብል የተያያዙ 1,200 ያህል አውቶማቲክ ማብሪያዎችን በመስመሮቹ ላይ ተክሏል። ዛፍ ሲወድቅ ማብሪያዎቹ የተበላሸውን ቁራጭ ለይተው ይዘጉታል፤ ሌላውን ሰፈር ደግሞ በሌላ መስመር ያበሩታል። የጥገና ቡድኑም በቀጥታ ወደ ተበላሸው ቦታ ይሄዳል። እኛ የቻታኑጋን ያህል ባንተክልም፣ በየረጅሙ መስመር ላይ ሁለት ሦስት ሪክሎዘር እንኳ ቢኖር የባሕር ዳር የክረምት ሌሊት ከአሁኑ ያጠረ ይሆን ነበር።

ጥያቄ፦ ከአጥራችን ዳር ያሉት ባሕር ዛፎች ለመስመሩ ስለቀረቡ ቁረጡ ተባልን። ዘመናዊ መሣሪያ አለ እየተባለ ዛፍ መቁረጥ ምን ያስፈልጋል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ይቁረጡ፤ ነገር ግን በራስዎ አይሞክሩት፤ መስመሩ በባለሙያ ተቋርጦ ይሁን። ነሐሴ 8 ቀን 1995 ዓ.ም. በሰሜን አሜሪካ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መብራት ያጡበት አደጋ ላይ ሁለት ነገሮች ተገናኝተው ነበር። በኦሃዮ ግዛት ጭነት የበዛባቸው ከፍተኛ መስመሮች በሙቀት ረግበው ካልተቆረጡ ዛፎች ጋር ተነካኩ፤ የመቆጣጠሪያ ክፍሉ የማስጠንቀቂያ ሶፍትዌርም በዚያው ሰዓት በዝምታ ቆሞ ስለነበር ኦፕሬተሮቹ መስመሮቹ መቋረጣቸውን በጊዜው አላወቁም። ዛፉ በጊዜው ተቆርጦ ቢሆን ኮምፒውተሩ ቢያንቀላፋም ያ ቀን በሰላም ባለፈ ነበር።

ጥያቄ፦ በካርድ የሚሠራ ቆጣሪ አስገብተናል። ይህ ስማርት ቆጣሪ ነው? (ከደሴ)

መልስ፦ አይደለም። በቅድመ ክፍያ የሚሠራው ቆጣሪ የሞሉትን ሂሳብ ይቀንሳል፤ ሂሳቡ ሲያልቅ ይቆርጣል። ስለ መስመሩ ሁኔታ ግን ለማዕከሉ የሚነግረው ነገር የለም። ስማርት ቆጣሪ ፍጆታውንና ቮልቴጁን በየጊዜው ይልካል፤ መብራት ሲጠፋም ከመዝጋቱ በፊት “ኃይል አጣሁ” የሚል የመጨረሻ መልእክት ያስተላልፋል፤ ስለዚህ የጥሪ ማዕከሉ እርስዎ እስኪደውሉ አይጠብቅም። ሌላም ጥቅም አለው፦ ከትራንስፎርመሩ የወጣው ኃይል በሥሩ ካሉት ቤቶች ድምር ጋር ሲነጻጸር በስርቆትና በአሮጌ ሽቦ የሚባክነው የት እንደሆነ ይለያል።

ጥያቄ፦ አንድ ማታ አንዳንዱ አምፖል ከወትሮው በላይ ደምቆ በራ፤ ወዲያው ቴሌቪዥኑና ማቀዝቀዣው ተቃጠሉ። የጎረቤታችን መብራት ደግሞ ደብዝዞ ነበር። ምን ሆኖ ነው? (ከጎንደር)

መልስ፦ ከገለጹልን ምልክት ተነሥተን የምንጠረጥረው ኒውትራል የሚባለው የመመለሻ ሽቦ መበጠስ ነው። ትራንስፎርመሩ ሦስት ፌዝ፣ ማለትም ኃይል የሚያመጡ ሦስት ሽቦዎች አሉት፤ በሁለት ፌዞች መካከል 380 ቮልት አለ፤ እያንዳንዱ ቤት ከአንዱ ፌዝና ከኒውትራሉ 220 ያገኛል። ኒውትራሉ ሲበጠስ በተለያዩ ፌዞች ላይ ያሉ ቤቶች ያንን 380 ቮልት እንደ ጭነታቸው ይከፋፈሉታል። ምጣድ የጣደው ጎረቤት ጥቂት ቮልት ይደርሰዋል፤ አምፖልና ቴሌቪዥን ብቻ ያበሩት እርስዎ ደግሞ ከ300 በላይ ሊደርስብዎት ይችላል። አምፖል ከልክ በላይ ሲደምቅ ካዩ ሳይዘገዩ ዋናውን ብሬከር ያውርዱ፤ ከዚያም ወደ 905 ይደውሉ፤ ጎረቤቶችዎንም ያስጠንቅቁ። ለማቀዝቀዣና ለቴሌቪዥን ቮልቴጅ ከልክ ሲያልፍ የሚቆርጥ፣ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚያበራ መከላከያ ይግዙ። ተራ ስታቢላይዘር ይህን ያህል ዝላይ አይችልም።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቻለሁ። ቤቴ ቻርጅ ባደርግ የሰፈሩን መብራት አስቸግራለሁ? (ከአዲስ አበባ፣ ሲኤምሲ)

መልስ፦ እንደ ሰዓቱ ነው። በ32 አምፔር የሚሠራ የቤት ቻርጀር 7 ኪሎ ዋት ይወስዳል፤ ይህ የሁለት ምጣድ ጭነት ነው። በመጀመሪያ ቆጣሪዎና የቤትዎ ሽቦ ይህን መሸከም መቻላቸውን በባለሙያ ያስፈትሹ። ከዚያ ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ያለውን ትተው፣ ቻርጀሩን ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ እንዲጀምር ያዝዙት። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖችን ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ይህ ጥያቄ እየበዛ ስለሚሄድ፣ ለሌሊት ፍጆታ ዝቅ ያለ ታሪፍ ቢወጣ ለደንበኛውም ለትራንስፎርመሩም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ስፔንን የሚያህል የበለጸገ አገር በአንድ ጊዜ ከጨለመ እኛ ምን ተስፋ አለን? (ከአዳማ)

መልስ፦ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ስፔንና ፖርቱጋል የጨለሙት ኃይል አንሷቸው አልነበረም። የመስመሮቹ ቮልቴጅ ከልክ በላይ ወጣ፤ ማመንጫዎች ራሳቸውን ለመጠበቅ ተራ በተራ ከመስመሩ ሲላቀቁም ቮልቴጁ ይበልጥ ወጣ፤ በሴኮንዶች ውስጥ ሁሉም ወደቀ። ከዚህ የምንማረው ቮልቴጅን በየቅጽበቱ የሚቆጣጠር መሣሪያ የማመንጫውን ያህል አስፈላጊ መሆኑን ነው። እኛ ጋ አብዛኛው ኃይል ከውኃ መምጣቱ ደግሞ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ የውኃ ማመንጫ ከውጭ ኃይል ሳይቀበል ራሱን አስነሥቶ ሌሎቹን ሊያስነሣ ይችላል። በስፔንም ከመጀመሪያዎቹ ከተነሡት መካከል የውኃ ማመንጫዎች ነበሩ። ሆኖም የትኛው ማመንጫ ቀድሞ እንደሚነሣ፣ የትኛው መስመር መጀመሪያ እንደሚበራ፣ የትኛው ሆስፒታልና የውኃ ፓምፕ ቅድሚያ እንደሚያገኝ አስቀድሞ ተጽፎ በየዓመቱ ልምምድ ሊደረግበት ይገባል።