«ኑን» ስንት ሰዓት ነው?

ልጆቼ፣

በትርጉም ሥራ አርጅቼም ቢሆን ባየሁት ቁጥር እጄን የሚይዘኝ አንድ ትንሽ የእንግሊዝኛ ቃል አለ፤ ኑን። መዝገበ ቃላት ብትገልጡ «እኩለ ቀን፣ ቀትር» ይላችኋል፤ ትክክል ነው። እኔ ግን ጀማሪ ሳለሁ «12 ኑን» የሚል የስብሰባ ጥሪ ደረሰኝና ቁጥሩን ብቻ አይቼ በአማርኛው ላይ «በ12 ሰዓት» ብዬ ጻፍሁ። እንግሊዝኛውን ያነበቡት እንግዶች በቀትር መጡ፤ አማርኛውን ያነበቡት ጀምበር ስታዘቀዝቅ። ምሳው ቀዝቅዞ፣ አለቃዬ ግን ግሎ ጠበቀኝ።

ከዚያ በኋላ ነው የቃሉን ዘር መቁጠር የጀመርሁት። ኑን የመጣው ከላቲኑ «ኖና» ነው፤ ዘጠነኛ ማለት ነው። ሮማውያን የቀኑን ሰዓት እንደ እኛ ከንጋት ጀምረው ይቆጥሩ ስለነበር ዘጠነኛው ሰዓት ዛሬ ፈረንጆች ከቀትር በኋላ 3 ሰዓት በሚሉት ግድም ይውል ነበር። እንግዲህ ኑን በትውልዱ የእኛው ዘጠኝ ሰዓት ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 27 ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጨለማ ሆነ ሲባል እኛ እንዳለ እንረዳዋለን፤ ስድስት መደመር ያለበት እንግሊዛዊው ነው።

ታዲያ ዘጠኙ እንዴት ስድስት ሆነ? በአውሮፓ ገዳማት የዘጠኝ ሰዓቱ ጸሎት እየቀደመ ሄደና ስሙን ይዞ ቀትር ላይ አረፈ፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ኑን በእንግሊዝኛ እኩለ ቀን ማለት ሆኖ ነበር። ብዙዎች ምክንያቱን ለጾመኞቹ መነኮሳት ረኃብ ይሰጡታል። እስከ ዘጠኝ የሚጾሙት እናቶቻችን ግን ሰዓቱን አልነቀነቁትም።

ስትጽፉ «12 ፒኤም» አትበሉ። ፒኤም በላቲን «ከቀትር በኋላ» ነው፤ ቀትር ራሱ ከራሱ በኋላ ሊሆን አይችልም። ኑን ብላችሁ ጻፉ፤ ወደ አማርኛ ስትመልሱ ደግሞ «ከቀኑ 6 ሰዓት»። አፍተርኑን የሚለውን «ከሰዓት በኋላ» እንለዋለን። ከየትኛው ሰዓት? ከስድስት ነው፤ ቋንቋችን ቁጥሩን ውጦታል።

ከኑን የባሰው እኅቱ ሚድናይት፣ እኩለ ሌሊት፣ ነው። የማመልከቻ ማብቂያ «አርብ ሚድናይት» ሲባል አርብ የሚገባበት ነው ወይስ የሚወጣበት? እንግሊዝኛው ዝም ይላል፤ ስለዚህ ላኪውን ጠይቁ። እናንተ ስትጽፉ «አርብ 11፡59 ፒኤም» በሉ። በአማርኛ ከሆነ አባቶቻችን ጨርሰውታል፤ «አርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት»።